ጥርሱ ያልታየ ራም

እግዜር «አላውቅም» የምትባለውን ቃል ለሰው ልጅ ሲያድል በየከተማው አንድ አንድ ሰው ከሰልፉ ቀርቷል። ይህን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ። መንገድ ብትጠይቁት ያሳያችኋል፤ መንገዱ ገደል አፍ ላይ ቢያደርሳችሁ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። የጥርስ ሕመም ብታነሱ ሐኪም፣ ክስ ብታነሱ ጠበቃ፣ ዝናብ ብታነሱ የደመና የቅርብ ዘመድ ነው። የመሐል ሜዳው ድርሻ ለክቡር ጋሽ ጌጡ ደርሷል።

ጋሽ ጌጡ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነበሩ። የመንዝን በግ ዝርያ አሻሽላለሁ ብለው ከዘመሮ እስከ ግሼ ያልወጡት ዳገት፣ ያልገቡበት የበግ ጉረኖ የለም። ጡረታ ሥራውን ቢያስጥላቸውም ቋንቋውን አላስጣላቸውም። የዓለምን ችግር ሁሉ የሚፈቱት በአንዲት አነጋገር ነው፤ «ችግሩ ዝርያው ነው!» ሚኒባስ ዳገት ላይ ቢቆም ዝርያው ነው። ጫማ ቢቀደድ፣ ጠላ ቢኮመጥጥ፣ መብራት ቢጠፋ ዝርያው ነው። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ቅዳሴ መሃል ቢያፏጭ ይህንኑ አሉ። ዲያቆኑ ስለ እሱ ድምፅ የተነገረ መስሎት ስንት ጊዜ አኩርፏቸው ከረመ።

ከሁሉ የባሰው ግን የሽምግልናው ነው። አንድ ጎረቤት ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሲሄድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጋሽ ጌጡንም ይዟቸው ሄደ። የልጅቷ አባት እንደ አገሩ ደንብ ዘር እየቆጠሩ ናቸው፤ ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ያያት የቅድመ አያት ስም ይነሳል። ቤቱ ፀጥ ረጭ ብሏል። በዚህ መሃል የጋሽ ጌጡ ወንበር ተንቋቋና እግሩ ወልቆ መሬት ላይ ዘረጋቸው። እዚያው እንደተጋደሙ «ችግሩ ዝርያው ነው!» አሉ። የተናገሩት ስለ ወንበሩ እንጨት ነበር። ያንን ለማስረዳት ሌላ ሽማግሌ መላክ አስፈለገ።

እኚህ ክቡር ሰው ቀናቸውን የሚያሳልፉት በአመተሥላሴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለደንበኛ በተዘጋጀችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። አመተሥላሴ «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉለት» ከማለት በቀር ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ቤቱን ስትከራይ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር አብራ የተረከበቻቸው ይመስል ነበር።

አመተሥላሴ ያላት ንብረት አንዲት ትንሽ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ናት። ጠዋት ታበራትና ደጇን ትጠርጋለች፤ ከጎረቤት ጋር እንዴት አደራችሁ ትባባላለች፤ ስትመለስ ኮምፒውተሯ ገና ጉሮሮዋን እየጠረገች ትጠብቃታለች። አንድ ፊደል ስትጽፍ ፊደሉ መንገድ ላይ ዘመድ ጠይቆ ነው የሚመጣው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ መሲ የምትባል ወጣት አዲስ ጽሕፈት ቤት ከፍታለች። የእሷ ኮምፒውተር ገና ሳይነኳት ትነሳለች እየተባለ ይወራል።

ነገሩን ያከረረው መምህር ምስክር ነው። እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የትምህርት ቤቱም የፈተና ወረቀት በእሱ በኩል ይመጣል። አመተሥላሴን ካመት ዓመት የሚያሻግራት ይህ ሥራ ነው፤ የቀረው ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ መጣና አንገቱን አቀርቅሮ፣

«አሙዬ፣ የአጋማሹ ፈተና ደርሷል። አምና ተማሪው ክፍል ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ወረቀቱ የደረሰልን። ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ወደ ማዶ መሻገራችን ነው። አለቆቼም ቆርጠዋል» አላት።

አመተሥላሴ ወደ ማዶ ላለማየት ታገለች። የትምህርት ቤቱ ሥራ ከሄደባት ቤቱን ዘግታ ዘመሮ እናቷ ዘንድ ከመግባት በቀር ሌላ መንገድ እንደሌላት ታውቃለች።

ጋሽ ጌጡ ሰምተዋል። የመጀመሪያ ሕክምናቸው ባና ነበር። «ይቺ እኮ ብርድ ነው የመታት» አሉ። «ዝርያዋ የቆላ ነው፤ የኛን ውርጭ ከየት ትችለዋለች?» ብለው ከቤታቸው ወፍራም የመንዝ ባና አምጥተው ከራሷ እስከ እግሯ ሸፈኗት። ኮምፒውተሯ አየር አጥታ ትንሽ አቃሰተችና ጥርቅም ብላ ጠፋች።

«አየሽ፣ ሲሞቃት ተኛች» አሉ።

አመተሥላሴ ባናውን አንሥታ፣ አጣጥፋ መለሰችላቸውና ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ዕቃ ለሚሸጠው ለሪድዋን ደወለች። እጇን ቀለም ስለነካው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለቀቀችው።

«እህቴ፣ ማሽኗ ጤነኛ ናት» አለ ሪድዋን ያለችውን ሁሉ ከሰማ በኋላ። «ራም ነው ያነሳት። ጥሩ ራም ካገኘሽላት ትፈረጥጣለች።»

አግዳሚው ላይ ጋሽ ጌጡ ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«አንድ ይበቃታል?» አለች አመተሥላሴ።

«ይበቃታል። ሁለት ካደረግሽ ግን እኩያ ይሁኑ፤ እኩያ ካልሆኑ አይገጥሙም።»

«ይሄ ሰው ያውቃል!» አሉ ጋሽ ጌጡ ጭናቸውን መታ አድርገው። «እኩያ ካልሆነ መች ይገጥማል? ትንሹ ይሸሻል እንጂ።»

አመተሥላሴ ማን ከማን እንደሚሸሽ ግራ ገባት። ስልኩን ዘግታ ወደ አግዳሚው ዞረች። «ጋሼ፣ ራም ያውቃሉ እንዴ?»

ቄስን ዳዊት ይደግማሉ ወይ ብሎ የመጠየቅ ያህል ነበር። ጋሽ ጌጡ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«እኔን? ራም? ለመሆኑ በዚህ አገር ራም ያከፋፈለው ማን ሆነና ነው? በየገበሬው ደጅ በእግሬ እየዞርኩ ያደረስኩት እኔ አይደለሁም ወይ?»

ለገበሬ የኮምፒውተር ዕቃ የታደለው መቼ እንደሆነ አመተሥላሴ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ግን ስንቱ ነገር ታድሎ ስንቱ ተረስቷል ብላ ተወችው።

«ታዲያ አሁን ከየት ይገኛል?»

«እኔ ቤት አለ።»

«ቤትዎ ኮምፒውተር አለ እንዴ?»

«ኮምፒውተር ምን ይሠራልኛል? ራሙ ብቻ ነው ያለኝ።»

«አሮጌ እንዳይሆን፣ ጋሼ?»

«አሮጌ! ገና ጥርሱን መሙላቱ ነው!»

ይህቺ የጥርስ ነገር ደግሞ ጨርሳ አደናገረቻት። ሆኖም ጋሽ ጌጡ እንዲህ በእርግጠኝነት ሲናገሩ መጠራጠር ራሱ የሚያሳፍር ነገር አለው። ለሪድዋን መልሳ ደወለችና «ተወው፣ አትላክ፤ እዚሁ ተገኝቷል» አለችው። ሪድዋንም በመሐል ሜዳ ራም የሚሸጥ ማን እንደሆነ ግራ እንደገባው ስልኩን ዘጋ።

በገበያው ቀን ማለዳ መምህር ምስክርና ባልደረቦቹ የፈተናውን ረቂቅ ይዘው ቤቱን ሞልተውታል። ጋሽ ጌጡ ለክብረ በዓል የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው መጡ። በገመድ የሚስቡት ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጠጉሩ መሬት ሊነካ የደረሰ አውራ በግ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሙ ቀኛዝማች ነው። ጋሽ ጌጡ በሥራ ዘመናቸው ካሻሻሉት ዝርያ በእጃቸው የቀረው እሱ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ማታ ቤት ሲገቡ ድምፅ የሚያሰማቸውም እሱ ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ታጥቧል፤ ቀንዱም ቅቤ ተቀብቷል።

«ይኸው ራሙ» አሉ።

አመተሥላሴ ከበጉ ኋላ ሌላ ነገር ይዘው እንደሆነ አንገቷን አስግጋ አየች። ምንም የለም።

«ጋሼ... ይሄ እኮ በግ ነው።»

«አውራ በግ! ራም!» አሉ ኮራ ብለው። «ለደብረ ብርሃኑ ሰውዬ ላኪለት። ራም ካገኘ ትድናለች አላለም? ከዚህ የተሻለ በመንዝ ምድር አያገኝም።»

ነገሩ ቀድሞ የገባው መምህር ምስክር ነው። ሆዱን ይዞ እየሳቀ አስረዳ። ፈረንጅ አውራ በግን ራም ይለዋል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችውን፣ የያዘችውን ሥራ የምታስታውስባትን ትንሽ ጠፍጣፋ ዕቃም ራም ይላታል፤ ሁለቱ በስም እንጂ በሥጋ አይገናኙም። ጋሽ ጌጡ በእርባታ ሥልጠናው ላይ ከፈረንጆቹ አፍ የሰሙት የበጉን ነበር። ሪድዋን ኮምፒውተሯን የሚያድነው በግ ሲሰጠው መስሏቸዋል። ሌላ ራም በዓለም ላይ ስለመኖሩ የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም የሚጠይቁ ሰው አይደሉም።

ይህ ሁሉ ሲብራራ ቀኛዝማች የራሱ ጉዳይ ነበረው። ጠረጴዛው ሥር የኮምፒውተሯ ሣጥን መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አይቷል። ዓይን ዓይኑን የሚያየው ባላንጣ መሰለው። ወደ ኋላ አፈገፈገ። አመተሥላሴ «ወይኔ!» ስትል ግንባሩን አጎንብሶ ተወረወረና ሣጥኗን ደለቃት። ጠረጴዛው ተናጋ፤ የፈተናው ረቂቅ በአየር ላይ ተበተነ።

«ገጠመ! ራሙ ገጠመ!» ብሎ ጮኸ አንዱ መምህር።

ሳቁ ከቤቱ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። መሲ ሳትቀር ደጇ ላይ ቆማ ሳቀች። ኮምፒውተሯ ጎኗ ጎድጎድ አለ እንጂ አልሞተችም፤ እንደ ልማዷ እያዘገመች ቀጠለች። ጋሽ ጌጡ ገመዱን በእጃቸው ላይ ቀስ ብለው ጠቀለሉ። ከዚያ በመሐል ሜዳ ማንም ከአፋቸው ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ተናገሩ።

«አላወቅሁም፣ ልጄ።»

አመተሥላሴ ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝታለች። ስትሰማት ግን ደስ አላላትም። ቤቷ እንዳይዘጋ ብለው ያላቸውን አንድ ነገር ቅቤ ቀብተው እንዳመጡላት የገባት፣ እሳቸው በጋቸውን እየሳቡ የገበያውን ሕዝብ አልፈው ከሄዱ በኋላ ነው። መምህር ምስክር ገና እየሳቀ ነበር። አመተሥላሴ ወረቀቱን ከመሬት ለቅማ፣ «እስከ ሐሙስ ታገሠኝ» ብላ ብቻ ሸኘችው።

ለሪድዋን እንደገና ደወለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አግዳሚዋ ባዶ ሆነች። ደንበኞች ተቀመጡባት። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ ዝርያው ነው የሚል ጠፋ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም ዝም ብሎ መጣ። አመተሥላሴ ፀጥታውን ትወደዋለች ብላ አስባ ነበር። ሳትወደው ቀረች። ስትጽፍ ቆይታ ቀና ስትልና ባዶውን ወንበር ስታይ ይከፋት ጀመር።

ራሟ በሚኒባስ ደረሰች። እንደ ማስቲካ የቀጠነች፣ በአንድ ጎኗ ወርቃማ መስመር ያላት ቁራጭ ናት። አመተሥላሴ የተጎዳውን ሣጥን ፈታ አሮጌዋን አወጣችና አዲሷን ልታስገባ ብትሞክር እምቢ አለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነው።

«ግፊያት» ይላል ሪድዋን።

«ገፋኋት፤ አትገባም።»

«ጠንከር አድርገሽ ግፊያት! ቋ ስትል ይሰማሻል።»

«ቋ ያለው መሰበሯ ቢሆንስ?»

«እህቴ፣ እኔ የላክሁት ትክክለኛውን ነው። አንቺ ነሽ የፈራሽ።»

ልክ እሱ ይሁን እሷ፣ ገልብጣ ይሁን ወይስ አቃንታ፣ ልግፋት ወይስ ልተዋት ስትል ጭንቅላቷ ዞረ። ነገ ሐሙስ ነው። በመስታወቱ ውስጥ መሲ አዲስ ወረቀት ስታራግፍ ትታያለች። አመተሥላሴ ስልኩን ዘጋች፤ አዲሷንና አሮጌዋን ራም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ቤቱን ቆልፋ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ያወቀችው የጋሽ ጌጡን የድንጋይ አጥር ስታይ ነው።

ጋሽ ጌጡ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ቀኛዝማች እግራቸው ሥር ያመሰኳል።

«ጋሼ፣ ራም ይዤልዎት መጣሁ» አለች።

«አትቀልጂብኝ፣ ልጄ» አሉ ሳያይዋት። «ይበቃኛል፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ራሙ ገጠመ ይሉኛል።»

«ሰማዕቷን! አልቀለድኩም። አልገጥም ብላኝ ነው። ይዩልኝ።»

«እኔ አላውቅም።»

ይኸው ደግመው አሉት። አመተሥላሴ ከዚህ በላይ ልትሰማው አልቻለችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ቋጠሮዋን ፈታች። «ያውቃሉ» አለች። «እንደወትሮዎ ይዩልኝ። የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።»

ጋሽ ጌጡ መነጽራቸውን ፈለጉ። ሁለቱን ራሞች መዳፋቸው ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ወዲያ ወዲህ አገላበጡ። ከዚያ የጠቦት ከንፈር የሚገልጡ ይመስል አውራ ጣታቸውን በወርቃማው መስመር ላይ አሳለፉ።

«ጥርሱን አይተሻል?»

«የምን ጥርስ?»

«ይሄ ወርቃማው ምንድን ነው ታዲያ? የአሮጌው ፍንጭት እዚህ ጋ ነው፤ የአዲሱ ደግሞ ወዲያ አለፍ ብሏል። አይገናኙም። ብትገፊው ኖሮ መንጋጋውን ትሰብሪው ነበር።» ከመነጽራቸው በላይ ገላመጧት። «ጥርሱን ሳታይ ራም ተቀበልሽ?»

አመተሥላሴ ጎንበስ ብላ አየች። እውነታቸውን ነው፤ ፍንጭቶቹ አይመሳሰሉም። ጋሽ ጌጡ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የገበያው ሳቅ ትዝ አላቸው መሰለኝ መልሰው ገጠሙት። ከዚያ እንደሚያስፈቅድ ሰው አዩዋት።

«ይበሉት እንጂ፣ ጋሼ።»

«ችግሩ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዝርያው ነው።»

እዚያው ሆና ደወለች። የፍንጭቱን ነገር ስትነግረው ሪድዋን ዕቃ ሲያገላብጥ ተሰማ። «ወላሂ አውቄ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ያንቺ የቀድሞው ዝርያ ነው፤ እኔ የአዲሱን ነው የላክሁልሽ። ስሙ ያው ራም ነው፣ ዝርያው ይለያያል።»

«ዝርያው?» አለች አመተሥላሴ ድምፁን ከፍ አድርጋ። «ምን አልክ? ድገመው እስቲ።»

«ዝርያው ነው፣ እህቴ። ለመሆኑ ማን አየልሽ?»

«ራም የሚያውቅ ሰው» አለች።

ከሁሉ ይልቅ የደነገጡት ጋሽ ጌጡ ነበሩ። በዕድሜያቸው ሁሉ ሲሉት ኖረው የሆነላቸው ገና አሁን ነው። ቀኛዝማችን አንገቱን አከክ አከክ አደረጉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ትክክለኛዋ ራም ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። አመተሥላሴ ጥርሷን አይታ አስገባቻት፤ ቋ አለች። ኮምፒውተሯን አብርታ መጥረጊያ ልታነሣ ብትዞር ማሽኗ ተነሥታ ትጠብቃታለች። መምህር ምስክር ፈተናውን ትኩሱን ታቅፎ ሊወጣ ሲል ጋሽ ጌጡ ተመልሰው ከተቀመጡበት አግዳሚ ፊት ቆመ፤ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይቺ ባትሪ አልይዝ ብላኛለች፤ ምን ይመስልዎታል?» አለ በትሕትና። መልሱን ያውቀዋል። ጋሽ ጌጡም አልነፈጉትም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ኮምፒውተሯ ሲያዩ ቆዩ። ፊደሉ ገና በጣት ሳይነካ ስክሪኑ ላይ ይደረደራል። የሣጥኗ ጎን ግን እንደጎደጎደ ነው።

«ለመሆኑ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ጌጡ፣ «ይህ ፍጥነት ከየት የመጣ ይመስልሻል?»

«ከራሙ ነዋ።»

«ከየትኛው ራም?»

ሊስቁ እንደሆነ ብታያቸው ፊታቸው ኮስተር ብሏል፤ የምራቸውን ነው። አመተሥላሴ እጇን ከፊደል ገበታው ላይ አነሣች።

«ከሁለቱም፣ ጋሼ» አለች።